የቀረፋው ጠርሙስ ላይ ምንም አልተጻፈም

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችኝ። ሰሞኑን ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ "ቀረፋ ውስጥ እርሳስ ተገኝቶ ሪኮል ተደረገ" (ከገበያ ይሰብሰብ ተባለ) የሚል ነገር ላከችልኝና እንቅልፍ አጣሁ። አጥሚቷ ላይም ኦትሚሏ ላይም የተፈጨ ቀረፋ ጣል አደርግላታለሁ፣ ሻይም ስንጠጣ ትቀምሳለች። ችግሩ ቀረፋውን ከገዛሁት ቆይቷል፣ ማሸጊያውን ጥዬ ባዶ የቡና ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬዋለሁ፣ የማን ምርት እንደሆነ ራሱ አላስታውስም። ባለቤቴ "እኛ በሱ አድገን ምን ሆንን" ይላል። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ ወተት አጠጫት ያረክሰዋል አለችኝ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ ትበላለች ትጫወታለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ተረጋጊ። ዛሬ ማታ ይዘሻት ኢመርጀንሲ የምትሮጪበት ነገር አይደለም። ነገ ጠዋት ግን የልጆች ሐኪሟ ጋ ደውይና "የሊድ የደም ምርመራ እፈልጋለሁ" በይ (ሊድ ማለት እርሳስ ነው)፣ ጠርሙሱንም ከኪችን አንሺውና ማንም እንዳይጠቀምበት ለብቻው አስቀምጪው፣ ገና አትጣይው። ባጭሩ መልሴ ይሄ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ለምን እንደሆነ ነው።

እርሳስ ስንል እንግዲህ ልጆች የሚጽፉበትን እርሳስ አይደለም፣ ስሙ ነው የሚያሳስተው፣ እሱ ግራፋይት የሚባል ነገር ነው ልጅሽ ብታኝከውም ሊድ አይሰጣትም። እዚህ የምናወራው ስለ ማዕድኑ ነው፣ ድሮ ቀለም ውስጥና ቤንዚን ውስጥ ይገባ ስለነበረው ሊድ።

አሁን ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ነገር ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ተደባልቀው ነው። የመጀመሪያው በፈረንጆች 2023 ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ህፃናት በመደበኛ የደም ምርመራ ሊዳቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፣ የጤና ሰዎች ምንጩን ሲፈልጉ ሲፈልጉ ቆይተው መጨረሻ ላይ ያገኙት በፓውች የሚሸጥ ቀረፋ ያለው አፕል ሶስ (የተፈጨ ፖም) ውስጥ ነው፣ ዋናባና የሚባለው፣ ሌሎች ሁለት ሱፐርማርኬቶችም በራሳቸው ስም ይሸጡት ነበር። ጥቅምት 2023 መጨረሻ ላይ ሪኮል ተደረገ። ምርቱ የሚዘጋጀው ኢኳዶር ነው፣ ፋብሪካው የሚጠቀመው የተፈጨ ቀረፋ ሲመረመር አንዱ ናሙና 5,110 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 5,110 እጅ) ሊድ ነበረው። ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባሽ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደ ቀረፋ ላሉ የቅርፊት ቅመሞች ጣሪያ ይሁን ተብሎ ሲታሰብ የነበረው 2.5 ነው። ሁለት ሺህ እጥፍ! ከሊዱ ጋር ክሮሚየምም ተገኘ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሊድ ክሮሜት የሚባለውን ቢጫ ቀለም ያስጠረጥራል፣ ለዱቄቱ መልክም ክብደትም ይሰጠዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤም ነገሩ ሆን ተብሎ ለትርፍ የተደረገ ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። በአሜሪካ ሲዲሲ (የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ) የመዘገባቸው የተረጋገጡም የተጠረጠሩም ሰዎች ከ500 በላይ ናቸው፣ አብዛኞቹ ህፃናት።

እኛ ሀበሾች ይሄ ሊገርመን አይገባም ነበር እኮ። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ሲባል ሰምተን አይደል ያደግነው፣ "ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት" የሚለውን ቃል ሬዲዮ ላይ ያልሰማ አለ? ግን ብዙዎቻችን አሜሪካ ስንመጣ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ተመርምሮ ያለፈ ይመስለናል። አልተመረመረም። ኤፍዲኤ እያንዳንዱን ዕቃ ከመሸጡ በፊት አይመረምርም፣ የምግቡ ደህንነት ኃላፊነት በመጀመሪያ የአምራቹና የአስመጪው ነው። የኢኳዶሩን ቀረፋ የፈጨው ሰው ደግሞ ቀጥታ ወደ አሜሪካ ስለማይልክ ኤፍዲኤ እሱ ላይ ያለው ስልጣን ውስን እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ሁለተኛው ታሪክ አንቺን የሚመለከተው ነው። ከአፕል ሶሱ በኋላ ኤፍዲኤ ርካሽ ሱቆች ውስጥ የሚሸጥ የተፈጨ ቀረፋ መመርመር ጀመረ፣ ከመጋቢት 2024 መጀመሪያ ጀምሮ የብራንድ ስሞች እየዘረዘረ አትግዙ ማለት ጀመረ፣ ዝርዝሩም በየጊዜው እየረዘመ ሄደ። በመጀመሪያው ዙር የተገኘው ግን ከ2 እስከ 3.4 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ከ5,110ሩ ጋር አይወዳደርም። አንድ ቀን በመብላት የሚጎዳ መጠን አይደለም፣ የሚያሳስበው በየቀኑ ለወራትና ለዓመታት ሲበላ ነው። እና አንቺ ደግሞ በየቀኑ አጥሚት ላይ ነው የምታደርጊው። ለዛ ነው "ምንም የለም ተይው" ያላልኩሽ።

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ፣ ምክንያቱም የብዙ ሀበሻ ቤት ችግር እሱ ነው (የኔም ቤት ጨምሮ፣ ባለቤቴ ኮረሪማ ብላ ያስቀመጠችው ከሙን ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል)። የሪኮል ማስታወቂያ ሲወጣ የሚነግርሽ ብራንዱን፣ ሎት ቁጥሩን (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየውን)፣ ቤስት ባይ የሚለውን ቀንና ባርኮዱን ነው። አራቱም ማሸጊያው ላይ ናቸው። እኛ ደግሞ ገና ሱቅ ደርሰን እንደመጣን የመጀመሪያ ስራችን ማሸጊያውን ቀዶ መጣል ነው። ቅመም ቶሎ አያልቅም፣ ማስታወቂያው ሲወጣ ማሸጊያው የለም፣ ዱቄቱ ግን አለ። ስለዚ ከአሁን በኋላ ወደ ጠርሙስ ስትገለብጪ የማሸጊያውን ሎት ያለበትን በኩል ቆርጠሽ ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጥፊው፣ ካልሆነ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ደግሞ ሪኮል ተደረገ ማለት ከሱቅ ወጣ ማለት አይደለም። ያ አፕል ሶስ ሪኮል ከተደረገ ከወር በላይ ቆይቶ፣ ታህሳስ 2023 ውስጥ፣ ዶላር ትሪ የሚባለው ርካሽ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲሸጥ ተገኝቶ ኤፍዲኤ ለድርጅቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። አብዛኛው ሪኮል ኩባንያው በፈቃዱ የሚያደርገው ነው። ኤፍዲኤ ምግብን በግድ የማሰብሰብ ስልጣን ያገኘው በ2011 በወጣው ህግ ነው፣ ከዛ በፊት በግድ ማሰብሰብ የሚችለው የህፃናት ፎርሙላ ብቻ ነበር። ማስታወቂያ ስታነቢ ደግሞ ክላስ ዋን፣ ክላስ ቱ፣ ክላስ ትሪ የሚል ታያለሽ፣ አንደኛው ከባዱ ነው፣ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሊያስከትል የሚችል ማለት፣ ሶስተኛው ቀላሉ። ስጋና ዶሮ ኤፍዲኤ ጋ አትፈልጊ፣ እነሱ በግብርናው መስሪያ ቤት በዩኤስዲኤ ስር ናቸው።

እንግዲህ ጠርሙሱ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ጠርሙሱን መጠየቅ አንችልም፣ ልጅቷን ነው የምንጠይቀው። ምርመራው ቀላል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉም ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላውና ሁለት ዓመት ሲሞላው የሊድ ምርመራ እንዲደረግለት ህጉ ያዛል፣ ስለዚ የልጅሽ ካርድ ላይ ከዚህ በፊት የተደረገ ውጤት ሊኖር ይችላል፣ ጠይቂ። ቀረፋውን የጀመርሽላት ከዛ በኋላ ከሆነ ግን የድሮው ውጤት አይበቃም። አትዘግዪ፣ ሊድ ደም ውስጥ በወር ገደማ ግማሹ ይወርዳል፣ ወረደ ማለት ግን ወጣ ማለት አይደለም፣ ሰውነት ከካልሲየም ጋር ያምታታውና አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ እዛ ለዓመታት ይቀመጣል። ቆይተሽ ብታስመረምሪያት ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ከጣቷ የተወሰደ ደም ከፍ ካለ አትደንግጪ፣ ጣት ላይ ያለ ቆሻሻ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፣ ከደም ስር ተወስዶ መረጋገጥ አለበት።

ሲዲሲ ከብዙ ልጆች የበለጠ ሊድ አለበት የሚለው በአንድ ዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራምና ከዛ በላይ ሲሆን ነው፣ ምንም አያደርግም የሚባል መጠን ግን የለም። ሊዱን ከሰውነት የሚያስወጣው መድሃኒት የሚታሰበው ብዙ ጊዜ 45 ሲደርስ ነው። ከዛ በታች ዋናው ህክምና ምንጩን ማቋረጥ፣ ብረቷንና (አይረን የሚባለውን) ካልሲየሟን ማሟላትና እንደገና መመርመር ነው። ኢንተርኔት ላይ "ሊድ የሚያጥብ ጠብታ" ምናምን እያሉ የሚሸጡትን አትግዢ።

እማማ ያሉት ወተት ግማሹ እውነት ነው። የእማማን ምክር ሙሉ ለሙሉ አላጣጥልም፣ ካልሲየም የሚያገኝ ልጅ፣ ብረት ያልጎደለው ልጅ፣ በባዶ ሆዱ የማይውል ልጅ የሚመጠው ሊድ ያነሰ ነው። የገባውን ግን ወተት አያረክሰውም። እንደውም ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ቀኑን ሙሉ ወተት ብቻ የሚጠጡ የኛ ልጆች ብረት ይጎድላቸዋል፣ ብረት የጎደለው አንጀት ደግሞ ሊድን እያሳደደ ነው የሚመጠው። ወተቱን በልክ፣ ከሱ ጋር ምስር፣ ስጋ፣ የጤፍ ገንፎ፣ ብርቱካን።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ሰውየው አልዋሸም፣ ግን እኛን ያኔ ማን መረመረን? ሊድ ትንሽ ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሳይታይ የሚነካው ትኩረትን፣ ትምህርትን፣ ጠባይን ነው። አዋቂ ከዋጠው ሊድ አስር ከመቶ አካባቢ ሲመጥ ትንሽ ልጅ ግማሹን ያህል ሊመጥ ይችላል፣ ስለዚ እሱ ሻይ ላይ የጠጣውና እሷ አጥሚት ላይ የበላችው አንድ አይደለም። አንቺ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ካሰብሽ ራስሽንም ተመርመሪ።

ከቀረፋው ሌላ ሁለት ነገር ቤትሽ ውስጥ እይልኝ። አንደኛ ኩል። እናቴም ኩላኛለች፣ አልፈርድም፣ ግን ብዙው የባህል ኩል የሊድ ማዕድን ነው፣ ህፃን ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። ሁለተኛ ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሰራ ከሆነና ቀለሙ የሚላላጥ ከሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ እስካሁን ትልቁ ጥርጣሬ እሱ ነው። በሻንጣ የሚመጣው እርድና ቅመምም ሪኮል የሚባል ነገር አያውቀውም፣ ኤፍዲኤም አያየውም፣ ከታወቀ እጅ ሙሉውን አምጥቶ እቤት መፍጨት ይሻላል፣ ቀረፋም እንጨቱን ገዝተሽ ፍጪው፣ ቀለም የሚደባለቀው ዱቄት ላይ ነው።

ጠርሙሱን ገና አትጣይው ያልኩሽ የልጅቷ ውጤት ከፍ ብሎ ከተገኘ የካውንቲው ጤና ቢሮ ዱቄቱን ሊመረምረው ስለሚችል ነው። ውጤቱ ደህና ከሆነ ጣይው፣ ለሰው እንዳትሰጪው። እስከዛ ግን ሆዷን ደጋግሞ ካመማት፣ ሰገራዋ ከደረቀባትና ከነጣች ቀጠሮውን አትጠብቂ፣ ካስመለሳት፣ ከደነዘዘች ወይም ካንቀጠቀጣት 911። ለምክር ብቻ ከሆነ የመርዝ መረጃ መስመሩ 1-800-222-1222 ነፃ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚ ስጡኝ በይ።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ ከጣት ይሁን ከደም ስር የሚለውንም አብረሽ።