ሞተሬ ቶሎ አይሞቅም፤ ጥፋቱ የቴርሞስታት ነው? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን «መኪናዬ ቶሎ አይሞቅም» የሚል ጥያቄ በተለያየ መልክ እየደጋገመ ስለመጣ ዛሬ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ጊዜ ሰጥቼ ልመልስ። ሞተር ሲግል ሁሉም ሰው ይደነግጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም ይላል። እንደዚያ አይደለም። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተርም ታሟል።

ጥያቄ፦ 20 ደቂቃ ነድቼም የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታችኛው ሩብ አያልፍም። መካኒኩ ሳያየው «ቴርሞስታት ነው» አለኝ። ዕቃውን ሳልገዛ በፊት እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳያይ መፍረድ የለበትም። ቴርሞስታት ኩላንቱን (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ በር ያለው፣ ሰም የተሞላ ትንሽ የብረት ዕቃ ነው። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጥና ያብጣል፣ ሚስማሩን ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል። በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ የሚሆነው ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እስከዚያ ድረስ ኩላንቱ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። በሩ ተከፍቶ ከቀረ ግን ራዲያተሩ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ሙቀቱን ይሰርቃል።

ስለዚህ መኪናው ሌሊቱን አድሮ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የኩላንቱን መጠን እይ። ጎድሎ ከሆነ ሌላውን ምርመራ አቁምና የሚፈስበትን ፈልግ። ሙሉ ከሆነ ሞተሩን አስነሳና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ አናት የሚሄደውን ጎማ ዳስስ፤ እጅጌህንና ጣትህን ከፋኑና ከቺንጋው አርቅ። ጤነኛ ሲሆን ጎማው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ድንገት ይሞቃል። ያ ድንገተኛ ለውጥ የበሩ መከፈት ነው። ገና ከጅምሩ ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔም እንዲሁ ብዳስሰው የላይኛው ጎማ ቶሎ ሞቀ። መኪናው ግን በደንብ ይሞቃል፤ ምንም ችግር የለበትም። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ባንተ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ የተገጠመው በመግቢያው፣ ማለትም በታችኛው ጎማ በኩል ይሆናል። እንደዚህ የተሠሩ ሞተሮች ብዙ ናቸው። የታችኛውን ጎማ ዳስስ፤ ድንገት የሚሞቀው እሱ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት ተጥሏል!

ጥያቄ፦ የእኔ መርፌ መሐል ላይ ነው፤ የቼክ ኢንጂን መብራት ግን በርቶ ፒ0128 የሚል ኮድ ወጣ። መርፌውን ልመን ወይስ ኮዱን?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮዱን እመኚ። የብዙ ዘመናዊ መኪኖች መርፌ አሽከርካሪው እንዳይጨነቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ሙቀቱ 78 ይሁን 98፣ እሱ መሐል ላይ ተገትሮ ይቆማል። ፒ0128 ደግሞ «በዚህ ያህል ጉዞ መድረስ ወደነበረበት ሙቀት አልደረሰም» ማለት ነው። «ቴርሞስታት ቀይሩ» ማለት ግን አይደለም፤ የኩላንት መጉደልም ሆነ የተሳሳተ ሴንሰር (ሙቀቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው መለኪያ) ይህንኑ ኮድ ያመጣል።

ሴንሰሩን ለመለየት ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተሽ፣ መኪናው ካደረ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሺ የኩላንቱንና የሚገባውን አየር ሙቀት አስተያዪ። ሁለቱም ሌሊቱን አብረው ስለቀዘቀዙ በጥቂት ዲግሪ ብቻ መለያየት አለባቸው። አንዱ 18፣ ሌላው 5 ካለ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ከተስማሙ አስነሺና ቁጥሩን እያየሽ ንጂ። 70 ደርሶ እዚያው የሚንገታገት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቴርሞስታቱ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በረጅም መንገድ ስፈጥን መርፌው ይወርዳል፣ ትራፊክ ውስጥ ስቆም ይወጣል።

መልስ፦ ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ዋናው ምልክት ይኸው ነው። ስትፈጥን ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ የሚከለክለው በር ደግሞ የለም።

ጥያቄ፦ አንድ የቆየ ባለሙያ «አውጥተህ ጣለው፣ ሞተሩ ጭራሽ አይግልብህም» ብሎኛል። ሙቀት ላለበት አገር አያስፈልግም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህን ምክር ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። የአየሩ ሙቀት 35 ቢሆን እንኳ ሞተሩ የሚፈልገው 90 አካባቢ ነው፤ የአየሩ ሙቀት ያንን ክፍተት አይሞላውም። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲቀር ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበትም ተንኖ ለመውጣት በቂ ሙቀት አያገኝም። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍት ከውስጥ በኩል ቡና በወተት የመሰለ ዝቃጭ ታያለህ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ጭንቅላት ማሸጊያ) ተቃጠለ» ብሎ ይደነግጣል፤ አንዳንዴ ግን ሞተሩ ሞቆ አለማወቁ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮም በብዙ መኪኖች ሞተሩ ሳይሞቅ ከፍተኛውን ማርሽ ለማስገባት ያመነታል።

ሌላም አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከበስተኋላው ያለው ሳህን አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ኩላንት ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። እንዳይግል ብለህ ያወጣኸው፣ ዳገት ላይ ራሱ ያግለዋል።

ጥያቄ፦ የወጣውን ቴርሞስታት ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል? ውሃ ውስጥ ቀቅዬው ፍንክች አላለም።

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን አትቸኩል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሳለ ወደ ብርሃን ያዘውና በበሩ ዙሪያ ተመልከት። ከትንሿ የአየር ማውጫ ቀዳዳ በስተቀር ብርሃን ካሳለፈ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም፣ ይጣል። ካላሳለፈ፣ ለምግብ በማትጠቀምበት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው፣ ታችኛውን እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ጨምርና ቀስ እያልክ አሙቅ። ሥራ የሚጀምርበት ዲግሪ ብረቱ ላይ ተቀርጿል።

«ፍንክች አላለም» ላልከው አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የምትኖረው ከፍታ ቦታ ላይ ነው? ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። 95 የተጻፈበትን ቴርሞስታት እዚያ ብትቀቅለው ቀኑን ሙሉ አይከፈትም፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ብትጠቀም መፍያው በጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል። ግን መርዝ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት አይድረሱበት፣ እንፋሎቱንም አትተንፍሰው።

ጥያቄ፦ መርፌው ደህና ነው፣ የውስጥ ማሞቂያው ግን ቀዝቃዛ ይነፋል።

መልስ፦ ቴርሞስታቱን ተዉት። ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለት ጎማዎች ይዳስሱ፤ አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ ተደፍኗል ወይም አየር ይዟል።

ጥያቄ፦ ናፍጣ መኪና ነው፤ በሚኒሞ (ሳይነዳ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው) ግማሽ ሰዓት ቢቆምም አይሞቅም።

መልስ፦ ናፍጣ በሚኒሞ የሚያቃጥለው ጥቂት ስለሆነ ይህ የተለመደ ነው። ተነድቶ ካልሞቀ ያኔ እንነጋገር።

ጥያቄ፦ አዲስ ገጠምኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ልቤ ተሰበረ።

መልስ፦ አይዞህ፣ እኔም አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ደክሜበታለሁ። አዲሱን አውጥቼ ሳየው፣ በበሩና በመቀመጫው መካከል የጥፍር ቁራጭ የምታህል የደረቀ ሲሊኮን ገብታለች። ቀድሞ የነካው ሰው ጋስኬት በመጠቀም ፈንታ ሲሊኮን ቀብቶ ነበር፤ ትርፉ ተቆርሶ ከኩላንቱ ጋር ሲዞር ቆይቶ በሩን ይዞ አስቀረው። አንተም አውጥተህ እይ። ዲግሪው ለሞተርህ የታዘዘው መሆኑንም አረጋግጥ። ፋኑም ከጠዋት ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚዞር ከሆነ ሪሌው (ፋኑን የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ራሴ ልቀይረው አስቤያለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ፤ የሚፈናጠረው ኩላንት ፊት ያቃጥላል። ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ ይዞራል፣ የአየር ማውጫዋ ቀዳዳ ከላይ ትሁን። የመቀመጫውን ፊት ሳትቧጭር አጽዳ፤ ቡሎኖቹን እያፈራረቅህ እኩል አጥብቅ፣ ማቀፊያው ፕላስቲክ ከሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ትክክለኛውን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ሙላ፤ የቧንቧ ውሃ ደለሉን ይተውና አዲሱንም ያጣብቀዋል። ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገህ ሞተሩን አስነሳና አረፋው እስኪያልቅ ጠብቅ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ መጠኑን እንደገና እይ፤ ሌሊት አየር ወጥቶ ስለሚጎድል ጥቂት መጨመርህ አይቀርም።