«የመኪናሽ ኮምፒውተር ተቃጥሏል» ተባልኩ፤ ላስቀይረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። ከአሜሪካ የመጣች የ2006 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ዞረ፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራትም ጨርሳ አትበራም። ጋራዥ ስወስዳት «ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ተቃጥሏል፣ ያገለገለ ከአዲስ አበባ እናስመጣልሽ» አሉኝ። ልስማማ? አቀያየሩስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን ገና አትክፈይ።

ከዓመታት በፊት ፒያሳ አጠገብ በነበረኝ ጋራዥ ልክ ያንቺን ምልክት ያሳየች ኮሮላ መጣችልኝ። እኔም ኮምፒውተሩ ሞቷል ብዬ ፈረድሁ። ባለቤቱ በመኪናዋ የሚተዳደር ሰው ነበር። ያገለገለ ኮምፒውተር እስኪመጣ አምስት ቀን ጠበቀ፤ መጣ፣ ገጠምሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። ችግሩ የተላጠ የሴንሰር (የሞተሩን ሁኔታ ለኮምፒውተሩ የሚነግር መለኪያ) ሽቦ ነበር። ገንዘቡን ብመልስለትም ያጣው የአምስት ቀን ገቢ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ከባትሪው 12 ቮልት ተቀብሎ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ያከፋፍላል። የአንዱ ሴንሰር ሽቦ ተልጦ የመኪናዋን ብረት ከነካ፣ ወይም ሴንሰሩ ውስጥ ለውስጥ ከተበላሸ፣ ያ 5 ቮልት ይወድቃል። ያን ጊዜ የቶዮታ ኮምፒውተር ራሱ ሥራ ያቆማል። ቢጫዋ መብራት አትበራም፣ የምርመራ መሣሪያውም ቢሰካ ኮምፒውተሩን አያገኘውም። የሞተ ይመስላል፤ አልሞተም። ስለዚህ መካኒኩ ቁልፉን አጥፍቶ የአንዱን ሴንሰር ሶኬት ይንቀል፣ ቁልፉን ይክፈትና መብራቷን ይመልከት። ካልበራች ወደ ሌላው ይለፍ። መብራቷ የበራችበት ሴንሰር ወይም ሽቦው ጥፋተኛው እሱ ነው።

ከዚህም በፊት የባትሪውን ጉልበት፣ የኮምፒውተሩን ፊውዝና ሬሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከሁሉም በላይ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የሚያገናኘውን መስመር፣ ይመልከት። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ኮምፒውተሩ የማሳ ሽቦ በቮልት ሜትር ሲለካ ንባቡ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከፍ ካለ ሽቦው ዝጓል ወይም ላልቷል ማለት ነው፤ ፈትቶ፣ ፍቆ ማሰር ነው።

ዝናብ ማለትሽንም ልብ ብዬዋለሁ። ያንቺ መኪና ኮምፒውተር የሚገኘው ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ በስተጀርባ ነው። ጥድ ሥር የምታቆሚያት ከሆነ ቅጠሉ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የውሃ መውረጃ ይደፍነዋል፤ ውሃውም መንገድ ፈልጎ ወደ ውስጥ ይገባል። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ በእጅሽ ዳብሺው። ርጥብ ከሆነ ኮምፒውተሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ጋራዡ ላይም አልፈርድም፤ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በአሜሪካና በካናዳ የተሸጡ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል ኮሮላዎች ኮምፒውተራቸው ውስጥ ብየዳው ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ቶዮታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ያንቺም ከዚያ ዘመን ናት። እኔ የምጠይቅሽ በምርመራ እንዲረጋገጥ ብቻ ነው።

መቀየሩ የግድ ከሆነ፣ ያሮጌው ተለጣፊ ላይ በ89661 የሚጀምረውን ቁጥር ፎቶ አንሺና የሚገዛው እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ዓይነት ይሁን። የአውቶማቲክና የማንዋል ማርሽ መኪኖች ኮምፒውተር መልኩ ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን ይለያያል። ሲፈታ አስቀድሞ ቁልፉ ይጠፋል፣ በ10 ቁልፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል። የአየር ከረጢቱ የያዘው ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቃል። ከዚያ ኪሱ ይወጣል፣ የሶኬቶቹ መያዣ ተጭኖ ይለቀቃል። ሽቦ ይዞ መጎተት ክልክል ነው። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ከመያዙ በፊት የመኪናዋን ብረት ይንካ፤ ከሰውነታችን የሚወጣ ኤሌክትሪክ ለእኛ ሳይሰማን ውስጡን ሊጎዳው ይችላል። የሶኬቱን እሾሆች በጣት መንካትም አይገባም።

ቁልፍሽ ውስጥ ቺፕ ካለ መኪናዋ በመጣው ኮምፒውተር ወዲያው ላትነሳ ትችላለች። ሁለቱን የሚያስተዋውቅ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መኖሩን ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ። አሮጌው በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነም ምን እንዳቃጠለው ሳይታወቅ አዲሱ አይገጠም። ቦቢናው (ለሻማዎቹ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ውስጡ ተነካክቶ ያቃጠለው ከሆነ የመጣውንም ያቃጥለዋል፤ ቦቢናዎቹ አንድ በአንድ ይለኩ። አሮጌውንም ተቀብለሽ አስቀምጪው፤ ብዙ ጊዜ ሊጠገን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ነኝ። የሚኒባሴን ወለል ላስበይድ ነው። ኮምፒውተሩን ላስፈታው?

መልስ፦ የባትሪውን ሁለቱንም ተርሚናሎች አስነቅል። የብየዳው ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፣ ሞተሩ ላይ እንዳይታሰር። ብየዳው ኮምፒውተሩ ካለበት ቅርብ ከሆነ ግን ሶኬቶቹን አስነቅለህ ሣጥኑን አውጥተህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ በያጁ «ምንም አይሆንም» ቢልህም አትስማው።