የሞተር ደብዳቤዎች፦ ቤንዚንና ዘይት በአንድ ጠርሙስ

ባለፈው እትም ስለ አሮጌዋ ሚንስክ ሞተሬ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ። ላላነበባችሁ፦ ሚንስክ በሶቪየት ዘመን ቤላሩስ ውስጥ የተሠራ፣ 125 ሲሲ የሆነ ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ነው፤ ቱ ስትሮክ ማለት ፒስተኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት) አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ አንድ ዙር ሥራ የሚጨርስ ማለት ነው። እኔ በ1977 ዓ.ም. ለትምህርት ወደዚያው ወደ ሚንስክ ከተማ ሄድኩ። ዛሬ የምኖረው ጀርመን፣ ኬምኒትዝ ነው። ሞተሯ ጋራዤ ውስጥ አለች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሯል። ካረፈ በኋላ ከዕቃው መሀል አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አገኘን። ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እናቴ “ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በጠርሙስ እየበጠበጥን እንነዳ ነበር ይለኝ ነበር” ትላለች። ወንድሜ ደግሞ “ዘይት ቤንዚን ውስጥ ከገባ ሞተር ይበላሻል፣ ተሳስተሽ ነው” ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱ የቱ ነው? የሞተሩን ዓይነትስ በምን እንለየው? (ከአዲስ አበባ፣ መካኒሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽ ልክ ናት። ወንድምሽ የተሳሳተው አሁን በሚያውቃቸው ሞተሮች ስለለካው ነው። እነሱ ፎር ስትሮክ ናቸው። ዘይታቸው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቤንዚኑ ጋር አይገናኝም።

ቱ ስትሮክ ግን ሆዱን ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚኑ መጀመሪያ የሚሳበው ወደዚሁ ሆድ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ገፍቶ ወደ ላይ፣ ወደ ማቃጠያው ይሰደዋል። ቫልቭ የሚባል ነገር የለም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ፤ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣ ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። እንግዲህ ሆዱ መተላለፊያ ከሆነ ዘይት የሚተኛበት ቦታ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ኩሽኔታውንና ፒስተኑን አርሶ አብሮ ይቃጠላል። ያ ሰማያዊ ጭስ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእኛ ልክ 1 ለ 25 ነበር። ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የሞተሬ የቤንዚን ታንከር ክዳን ከሥሩ መስፈሪያ አለው፤ ዘይቱን በእሱ እለካለሁ። በሚንስክ ክረምት ግን መለካት ብቻ አይበቃም ነበር። ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል። እንዲሁ ታንከር ውስጥ ካፈሰስሽው ከታች ይዘቅጥና መጀመሪያ የሚወርደው ዘይት ብቻ ይሆናል። ሞተሩ አይነሳም። ለዚህ ነው በጠርሙስ ከትንሽ ቤንዚን ጋር አስቀድመን የምንበጠብጠው። አባትሽ ያወራው ልክ እንደኖረው ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ከተዘረጉ ኡራል ወይም ድኔፕር ነው። እነሱ ፎር ስትሮክ ስለሆኑ ከእናትሽ ወሬ ጋር አይሄዱም። ወፈር ያለ፣ ከባድ መልክ ካለው ኢዥ ይመስለኛል። ኢዥ ይሠራ የነበረው ኢዤቭስክ ነው፤ ክላሽንኮቭ በሚሠራበት ከተማ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ፕላኔታ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ዩፒተር ባለ ሁለት። ለመለየት ጭስ ማውጫ እንዳትቆጥሪ። የድሮዎቹ ፕላኔታዎች በአንድ ሲሊንደር ሁለት ጭስ ማውጫ ስላላቸው ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቁጠሪ፤ በየሲሊንደሩ አንድ ነው። ቀጠን ያለና ቀላል ከሆነ ሚንስክ ነው፤ አለዚያም ኮቭሮቭ ከተማ ይሠራ የነበረው ቮስኾድ። ጃዋም ሊሆን ይችላል፤ ከቼኮዝሎቫኪያ በብዛት ይገባ ነበር። ታንከሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማጉያ መነጽር እዪው። የፎቶውንም ጀርባ አገላብጪው፤ እኛ ቀንና ቦታ ከጀርባው እንጽፍ ነበር።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ደህና የጃፓን ሞተር በየቦታው እያለ የሚያጨስና የሚንቀጠቀጥ የ40 ዓመት ብረት ምኑ ነው የሚወደደው? ናፍቆት ብቻ አይደለም ወይ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ናፍቆት አለበት፤ አልክድም። ግን ናፍቆት ብቻ ቢሆን እኔም ፎቶ ይበቃኝ ነበር።

የመጀመሪያዋን ሚንስክ የገዛነው ለሁለት ነው፤ እኔና አንድ ቬትናማዊ የዶርም ጓደኛዬ። የውጭ አገር ተማሪ በወር 90 ሩብል ይከፈለው ነበር። ለወራት አጠራቅመን ከከተማ ውጭ ከሚኖር ሰው አሮጌ ገዛን። በሁለተኛው ቀን አልነሳም አለች። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ምድር ቤት አወረዳት። ጋዜጣ ዘረጋና መፍታት ጀመረ።

እኔ ሜካኒካል ምህንድስና የምማር ልጅ ነበርኩ። ሞተር በሥዕል አውቃለሁ፤ በእጄ ግን ነክቼ አላውቅም። እኩለ ሌሊት ላይ ሞተሯ በሙሉ አንድ የተዘረጋ ጋዜጣ ላይ ተኝታ ነበር። አንድ ፒስተን፣ ፒስተኑን የሚከቡ ሁለት ፋሻ (ቀለበት)፣ ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያያይዝ አንድ ቢዬላ፣ አንድ ዘንግ፣ ጥቂት ማርሽ። እያንዳንዱን እያነሳሁ ለምን እንደተሠራ ለራሴ ነገርኩት። ፋሻዎቹ የሚቀመጡበት ቦይ ውስጥ ትናንሽ ሚስማሮች አየሁ። ለምን? ፋሻው ዞሮ ጫፉ መስኮት ውስጥ እንዳይገባና እንዳይሰበር። ፒስተኑ አናት ላይ ቀስት ተቀርጿል። ለምን? ወደ ጭስ ማውጫው እንዲዞር። በማግስቱ ማታ ገጣጠምናት። በሦስተኛው ምት ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመናዊ ሞተር ፈትቻለሁ፤ እንደዚያች ሌሊት ከጫፍ እስከ ጫፍ የገባኝ የለም። ፍቅሬ የጀመረው እዚያ ጋዜጣ ላይ ነው።

ሌላው ጆሮ ነው። ቆማ ስትሠራ ድምጿ ይቆራረጣል፤ ፕር ፕር ትልና አንዱን ትዘላለች። በሽታ አይደለም። ቤንዚን በጥቂቱ ሲሰጣት የተቃጠለው ጭስ ተጠርጎ አይወጣም፤ ስለዚህ በየዙሩ አትተኩስም። ቤንዚን ስትሰጣት ድምጿ ይጠራና እንደ ንብ አንድ ይሆናል። የእኔ ሚንስክ ባትሪም የላትም። መብራቷ የሚበራው ሞተሩ በዞረ መጠን ነው። ማታ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም መብራቷ ይደክማል፤ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። በዓይኔ ሳላይ፣ በጆሮዬና በመዳፌ ብቻ እንዴት እንደዋለች አውቃለሁ። ከመኪናዬ ጋር ግን ይህን ያህል አልግባባም፤ አንድ ቢጫ መብራት ያበራልኛል፣ ከዚያ ጋራዥ ሂድ ነው።

ጓደኛዬ ተመርቆ አገሩ ሲገባ የእኛኑ ዓይነት ሞተር እዚያ አገኘ። ሚንስክ ወደ ቬትናም በብዛት ተልኮ ነበር። በሰሜን ተራሮች ጭነት የሚጭኑባት፣ ሩዝና አሳማ ይዘው ጭቃ የሚያቋርጡባት እሷ ናት። ሰዉ “አሮጌ ጎሽ” ይላታል። ጎሽ እዚያ የእርሻ እንስሳ ነው፤ እንደ እኛ በሬ። ይህን በደብዳቤ ሲጽፍልኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንድ የመንገድ ዳር ልጅ በመፍቻና በካርታ ቬትሮ የሚጠግነው ሞተር ለተራራ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ጭሱ ልክ ነህ። የሚያወጣው የተቃጠለ ዘይት ብቻ አይደለም። መግቢያውና መውጫው መስኮት ለአፍታ አብረው ስለሚከፈቱ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ያመልጣል። ለዚህ ነው ዓለም የተዋት፤ መተዋም ትክክል ነው። እኔ በበጋ በወር ሁለት ሦስት ቀን ነው የማወጣት። ጎረቤት መስኮት ሥር አላሞቃትም፤ እየገፋሁ መንገድ ዳር አድርሼ ነው የማስነሳት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራ ኢዥ ሊሸጥልኝ ነው። ወደ ሥራ ልመላለስበት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሥራ አትግዛው። ለሥራ የሚሆን ሞተር ስትቸኩል የሚታገሥህ ነው። ይኼ አይታገሥም። ለእሑድ ከሆነ ግን ግዛው፤ አብሬህ ደስ ይለኛል። ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነ፣ እንደ መጀመሪያው ከተጠበቀና ምርመራውን ካለፈ፣ የታሪካዊ ተሽከርካሪ ታርጋ፣ “ሃ” (H) የሚል ፊደል ያለበትን፣ ማውጣት ትችላለህ። የከተማው የጭስ ክልከላ ሞተር ሳይክልን አይነካም።

እግረ መንገዴን ልንገርህ። የእነዚህ ሞተሮች ዘር የተነሳው ከእኔ ቤት አጠገብ ነው። ቾፓው የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ዲካቬ የተባለው ፋብሪካ የነበረው እዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ሥዕሉንና ማሽኑን ወሰዱ። የዲካቬ 350 ኢዥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው ባለ 125 ሲሲው የዲካቬ ሞተር፣ አር ቴ፣ ደግሞ መጀመሪያ ሞስኮ ተሠራ፤ ከ1951 ጀምሮ ሚንስክ። ያንኑ አር ቴ እንግሊዞች ባንታም አሉት፤ አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን ሠራው፤ የያማሃ የመጀመሪያው ሞተር ሳይክልም ከእሱ የተቀዳ ነው። ቾፓው ያለውን የሞተር ሙዚየም ሳትጎበኝ እንዳትቀር። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በሚንስኬ ስሄድ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ከበው ድምጿን አዳመጡ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

አሁን ዋናውን ስማኝ። በቱ ስትሮክ ረጅም ቁልቁለት ስትወርድ ቤንዚኑን ዘግተህ ሞተሩን እንደ ፍሬን አትጠቀምበት። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር መሆኑን አስታውስ። ቤንዚን ዘጋህ ማለት ዘይት ዘጋህ ማለት ነው፤ ጎማው ግን ሞተሩን በኃይል ያዞረዋል። ፒስተኑ ይደርቃል፣ ይግላል፣ ይሰፋል፣ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

እኔ ላይ ደርሷል። ከተራራማዋ ከተማ ከኦበርቪዘንታል ቁልቁል ስወርድ፣ መስከረም ላይ፣ መንገዱ እርጥብ ነበር። ለደቂቃዎች ቤንዚን ዘግቼ ወረድኩ። ድምጿ ቀጠነ፤ እንደ ፉጨት ሆነ። ምን እንደሆነ ሳስብ የኋላ ጎማው ባንድ ጊዜ ተቆለፈ። ግራ እጄ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን የያዘው ከእኔ ቀድሞ ነው። ጎማው ተለቀቀና ዳር ይዤ ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ስረግጣት ዞረች። ቤቴ ገብቼ ስከፍታት የፒስተኑ አሉሚኒየም ሲሊንደሩ ላይ እንደ ቅቤ ተለቅልቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልቁለት ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ትንሽ ቤንዚን እሰጣታለሁ። ሁለት ጣቴም ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። አንተም መጀመሪያ ይህን ልመድ።

ስትገዛ ቀለሙን ተወው። የዘንጉን ሁለት ጫፍ የሚዘጉት ጎማዎች ደርቀው እንደሆነ እወቅ። ከደረቁ ሆዱ በዚያ አየር ይስባል፤ ቅልቅሉ ይሳሳል፤ ሞተሩ ይግላል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቤንዚን ሰጥተህ ስትለቀው ድምጹ ቶሎ አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ይቆያል። ወረቀቱን ከፍሬሙ ቁጥር ጋር አስተያይ። ሁለት ትርፍ ካንዴላ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ በዘይት ይጨማለቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኘው፤ አስቀድሞ ከሞቀ ለመነሳት ማስቸገሩን አታይም። እንደደረስክ መዳፍህን ሲሊንደሩ ላይ አድርግ። ሞቆ ካገኘኸው ሻጩን ሌላ ቀን እመጣለሁ በለው።