እናትና ልጆች ይዞ በትንሽ ገንዘብ ካሪቢያን፦ እኔ ፖርቶ ሪኮ ነው የምለው

ሰላም እህታችን። ባለቤትሽን፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆችሽን፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋችሁ የመጡትን እናትሽንም ይዘሽ ጃማይካ ለመሄድ አስበሽ የሆቴሉን ዋጋ ስታዪ እንደደነገጥሽ ጽፈሻል። «ካሪቢያን ላይ በነጻ የሚታይ ነገር የለም ወይ?» ላልሽው፣ አለ፤ ያውም ሞልቷል። ግን ደሴቱን ቀይሪው፤ ፖርቶ ሪኮ ሂዱ። ለሥራ ተመድቤ ዋና ከተማዋ ሳን ሁዋን ኖሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ቤተሰብ ይዤ እመላለሳለሁ። የሚከተለው እዚያ ሳለሁ ያየሁትን ነው።

ከሁሉም በፊት የወረቀቱ ነገር። ጃማይካ ራሷን የቻለች አገር ናት። የእናትሽ ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ወደዚያ ከወጡ በኋላ አሜሪካ ተመልሶ ለመግባት ሌላ ቪዛ ይጠየቃሉ። ፖርቶ ሪኮ ግን የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው፤ ከእናንተ ሜሪላንድ፣ ከባልቲሞር በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ መገበያያውም ዶላር ነው። ቢሆንም እናትሽ ፓስፖርታቸውንና አይ-94 የሚባለውን፣ አሜሪካ የገቡበትን የመግቢያ መዝገብ ወረቀታቸውን ይያዙ፤ ግሪን ካርድ ያለውም ካርዱን ቤት እንዳይተው። ስትመለሱ ሳን ሁዋን አየር ማረፊያ ላይ የኢሚግሬሽን ሰዎች ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ዘመድ አብሯችሁ የሚሄድ ከሆነ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ጠበቃውን ያማክር። እዚያ ደርሳችሁ ደግሞ «ቨርጂን ደሴቶች ቅርብ ናቸው» የሚል ሰው ቢያግባባችሁ እንዳትሰሙት። የእንግሊዙ ወገን ሌላ አገር ነው፤ እናትሽን እዚያው ጥላችሁ እንዳትመጡ።

ደሴቱን ቀይሪ ያልኩበት ሌላው ምክንያት ባሕሩ ነው። የጃንሆይን የ1966 (እ.ኤ.አ.) ጉብኝት የሰማ ሐበሻ ሁሉ ጃማይካን የማየት ፍላጎት አለው፤ እኔም አለኝ። ነገር ግን ጃማይካ ውስጥ ከ1956 ጀምሮ ባለው የባሕር ዳርቻ ሕግ ሕዝቡ ወደ ባሕሩ የመግባት አጠቃላይ መብት የለውም። መልካም መልካሙ ዳርቻ ብዙውን ጊዜ የታጠረ ነው፤ ወይ ትከፍያለሽ ወይ የሆቴሉ እንግዳ ትሆኛለሽ። ሁሉን ያካተተ ሆቴል የሚያዋጣ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ዳርቻው በሕግ የሕዝብ ነው። በሌሊት ብዙ መቶ ዶላር የሚያስከፍለው ሆቴል ፊት ለፊት ፎጣችሁን አንጥፋችሁ ከቤት ያመጣችሁትን ምግብ ብትበሉ ማንም አያስነሳችሁም። የሆቴሉን ወንበርና ጃንጥላ አትንኩ እንጂ አሸዋውና ውሃው የእናንተ ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ማደሪያው ላይ አውሉት። ወደ ባሕር በእግር የሚያስኬድ፣ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ፈልጉ። ከሳን ሁዋን ሰፈሮች ኮንዳዶ ውድ ነው። ኦሽን ፓርክና ኢስላ ቬርዴ ይሻላሉ፤ ሳንቱርሴ ውስጥ ትንሽ ገባ ካላችሁ ደግሞ ዋጋው የበለጠ ይቀንሳል። ሆቴል ካማራችሁ የ«ሪዞርት ክፍያ» የሚሉትን ጭማሪ ሳታዩ ዋጋ አታወዳድሩ። ውዱ ወቅት ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። ጁን ከገባ በኋላ ዋጋው ይወርዳል፣ ግን የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። የሚያሰጋው በተለይ ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ነው፤ ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ደሴቱን የመታችው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ነበር። ልጆቹ ትምህርት እንደዘጉ ጁን ላይ ብትሄዱ እኔ ደስ ይለኛል።

አሮጌው ሳን ሁዋን፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የጥንቱ ከተማ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ይገባዋል። አብዛኛው ደስታም ምንም አያስከፍልም። ኤል ሞሮ የሚባለው ምሽግ ግንባታው የተጀመረው በ1539 ነው። ውስጡን ለማየት አዋቂ 10 ዶላር ይከፍላል፤ 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ በነጻ ይገባል፤ ያው ትኬት ሳን ክሪስቶባል ለተባለው ለሌላኛው ትልቅ ምሽግም ይሠራል። ክፍያው በካርድ ነው። ለትልቁ ልጅሽ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1595 ከተማዋን ሊዘርፍ መጥቶ፣ ከምሽጉ የተተኮሰ መድፍ ጥይት የገዛ መርከቡን ክፍል በስቶበት አፍሮ እንደተመለሰ ንገሪው፤ መድፎቹን በሌላ ዓይን ያያቸዋል። ከምሽጉ ፊት ያለው ሰፊ ሜዳ ግን ክፍያ የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የከተማው ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ካይት ሊያበር ይወጣል። እዚያ የሚሸጡት ይወደዳል፤ ከሜሪላንድ ገዝታችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። እኔ ከከፈልኩባቸው ብዙ ነገሮች ይልቅ ልጆቼ አሁንም የሚያወሩት ስለዚያ ሜዳ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀይ በር ያለውን የከተማዋን የድሮ መግቢያ ፈልጉ። ከዚያ ጀምሮ በግንቡ ግርጌ፣ በባሕሩ ጠርዝ እስከ ኤል ሞሮ ጫፍ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ሜዳማ ነው፤ እናትሽ ሲደክማቸው ሊመለሱ ይችላሉ። መንገዱን ሙሉ ድመቶች ተኝተው ታገኛላችሁ፤ ለትንሹ ልጅ ከምሽጉ የሚበልጡት እነሱ ናቸው። ለእናትሽ ከዚህም የሚሻለው ፓሴዮ ዴ ላ ፕሪንሴሳ የሚባለው ጥላ ያለው መናፈሻ ነው፤ መቀመጫ ሞልቶታል፣ ነፋሱም ከባሕር ይመጣል። የከተማው ድንጋይ ንጣፍ ሰማያዊ ቀለም አለው፣ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል፤ ለእሳቸው ጥሩ ጫማ አድርጊላቸው። ሌላው ካታኞ ወደሚባለው ሰፈር የሚሻገረው የሕዝብ ጀልባ ነው። እኔ ስሳፈር 50 ሳንቲም ነበር። ካታኞ ወርዳችሁ የምታዩት ብዙ ነገር የለም፤ የሚታየው ከውሃው ላይ ሆኖ የአሮጌው ከተማ ግንብ ነው። ቱሪስቱ ግን በውድ መርከብ ይሄዳል።

አሁን ቁም ነገር። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ሰዎች ነን። ኮንዳዶ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ሲያዩት ያማልላል፣ ግን ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለው፤ ሰው ይወስዳል። ልጆቹን ኤስካምብሮን ወደሚባለው ዳርቻ ውሰዷቸው፤ ከአሮጌው ከተማ አይርቅም፣ ድንጋዩ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውሃው ይረጋጋል። ኮንዳዶ ውስጥም በሁለቱ ወንድማማቾች ድልድይ አጠገብ ፕላዪታ ዴል ኮንዳዶ የምትባል ትንሽ የተከለለች ዳርቻ አለች። «ባልኔአሪዮ» የሚል ምልክት ያለበት ዳርቻ የመንግሥት መዋኛ ነው፤ ሽንት ቤትና መታጠቢያ አለው። ከመኪና ማቆሚያው በቀር አይከፈልበትም። የሕይወት ጃኬት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ መግዛት ውድ ነው። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ ደግሞ ቁርጭምጭሚታችሁን እንኳ አታርጥቡ።

ምግብ ላይ ሐበሻን የሚያጠምድ ነገር አለ። ደሴቱ አሳማ ወዳድ ነው። ጾም የሚመስለው ባቄላ ወጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፤ ሙዝ ከሚመስለው ከፕላንቴን የሚሠራው ሞፎንጎም አብሮት የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ይወቀጣል፤ በእርግብ አተር የሚሠራው ሩዝም ያው ነው። «ቲየኔ ሴርዶ?» (አሳማ አለው?) የምትለዋን ጥያቄ ቤተሰቡ ሁሉ ይያዛት። እናትሽ ከጾሙ ነጭ ሩዝ፣ አቮካዶና ቶስቶኔስ የሚባለው የተጠበሰ ጥሬ ፕላንቴን አለላቸው፤ መጥበሻውንም ቢሆን ጠይቁ። በኦገስት ከሄዳችሁ ፍልሰታ ስለሚገባ ይህ ነገር የባሰ ይሆናል። እኔ ሽሮና ድርቆሽ ሳልይዝ ሄጄ አላውቅም። አስቤዛ ከሜሪላንድ ይወደዳል፤ በ1920 የወጣው የመርከብ ሕግ ከዋናው አሜሪካ በባሕር የሚመጣው ዕቃ በአሜሪካ መርከብ ብቻ እንዲጫን ያስገድዳል፤ ዋጋው ላይ ይታያል። ቡናቸው ግን ጥሩ ነው፤ የራሳቸው ተራሮች ላይ ይበቅላል። እናትሽ ያሙታል፣ ግን ይጠጡታል። ውጭ መብላት ስትፈልጉ ፒኞኔስ ወደሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ሂዱ። በባሕሩ ዳር የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ፤ በየዳሱ የሚጠበሰውን ባካላይቶ፣ ማለትም የኮድ ዓሣ ቂጣ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

መኪና ሳን ሁዋን ውስጥ አያስፈልጋችሁም፤ የከተማ አውቶቡስ አለ፣ ሰዓቱን ባይጠብቅም ያደርሳል። ለአንድ ቀን ብቻ ተከራዩና ኤል ዩንኬ ውጡ። በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ሥር ያለው ብቸኛው ሞቃታማ የዝናብ ደን ነው፤ በመንገድ 191 ወጥቶ ደኑን ማየት በነጻ ነው። የሚያስከፍለው ኤል ፖርታል የተባለው የጎብኚዎች ማዕከል ነው፤ ብታልፉት አይቆጫችሁም። ላ ኮካ የተባለው ፏፏቴ ከመንገድ ዳር ስለሚታይ እናትሽ ከመኪና ወርደው ብቻ ያዩታል። በጠዋት ውጡ፣ ማቆሚያው ይሞላል። ልጆቹ ወንዝ ውስጥ ሳሉ ውሃው ድንገት ቡናማ ከሆነ ወዲያው አውጧቸው፤ ከላይ ዘንቧል ማለት ነው። ስትመለሱ ሉኪዮ ዳርቻ በመንገዳችሁ ላይ ነው። መኪናውን ስትከራዩ የአውራ ጎዳና ክፍያውን እንዴት እንደሚያስቡት ጠይቁ፤ እኔን አንድ አከራይ የየቀን የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ከጉዞው በኋላ ቆርጦብኛል።

ሰው ሁሉ ኩሌብራ ደሴት ሂዱ ይላችኋል። ጀልባው በአንድ ጉዞ 2 ዶላር ከ25 ብቻ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን የሚነሳው ሴይባ ከሚባል ቦታ ነው፤ ከሳን ሁዋን ከአንድ ሰዓት በላይ በመኪና ይወስዳል። የደሴቱ ነዋሪዎች ቅድሚያ ስላላቸው ትኬቱ ያልቃል፤ ከነልጅና ከነአያት አንድ ሙሉ ቀን በሰልፍ ይሄዳል። ለሁለት ወጣቶች ይሁን፤ ለእናንተ አይሆንም። ካስተረፋችሁት ገንዘብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ክፈሉ ብትሉኝ፣ ፋሃርዶ በሚባለው ከተማ በሌሊት ጀልባ ተቀምጦ፣ ውሃው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ምክንያት በተቀዘፈ ቁጥር ሲያበራ ማየት ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሳምንት ግን አትሂዱ፣ ብርሃኑ አይታይም። አንቺና ባለቤትሽ ልጆቹን ለእናትሽ ትታችሁ ማምለጥ ከቻላችሁ፣ ሳንቱርሴ ውስጥ ላ ፕላሲታ የምትባለው የገበያ አደባባይ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ መንገዱ ላይ ሳልሳ ይጨፈርባታል። መግቢያ የለውም፤ ቀን ቀን ደግሞ ፍራፍሬ ይሸጥባታል።

ስለ ፍራፍሬው ካነሳሁ፣ እናትሽ ማንጎ ገዝተው ሻንጣ ውስጥ እንዳይደብቁ። ወደ ዋናው አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ ሁሉ አየር ማረፊያው ላይ በግብርና መሥሪያ ቤት ማሽን ይታያል፤ ትኩስ ማንጎ አያሳልፉም፣ የተቆላ ቡና ግን ያልፋል። የምትሄዱበትን ወር ጻፊልኝና ስለ ሰፈሩ የበለጠ እነግርሻለሁ።