«የለውዝ ቅቤ» የጾም ነው ወይ? ስንዴ የማይስማማው ልጅና የቤቱ ማእድ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ሆዱ እየተነፋና እየከሳ ብዙ ከተቸገረ በኋላ ሐኪም ስንዴና ገብስ ዕድሜ ልኩን እንዲተው አዘዘው። ሲሊያክ የሚባል ሕመም ነው አሉን። አሁን እንጀራችን የጤፍ ብቻ ሆኗል። ልጁ ጾሙንም መጾም ይወዳል። ኃይል እንዲያገኝ ብዬ ለውዝ ፈጭቼ ቂጣ ላይ እቀባለታለሁ፤ ወጥ ውስጥም እጨምርለታለሁ። አማቴ ግን «የለውዝ ቅቤ» ሲባል ሰምተው «በጾም ቅቤ!» ብለው አማተቡ። የማኅበር ዳቦ ስከለክለውም «በረከት እየነሣሽው ነው» ይሉኛል። ልጁ ይህን ሁሉ ይሰማል። በቀደም «እማ፣ ዳቦ የማልበላው ኃጢአት ሠርቼ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ለቅዱስ ቁርባንስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ከልጅሽ ልጀምር፤ የአማትሽ ይደርሳል።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ጠየቁት። መልሱ አጭር ነበር። እርሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም አልሠሩም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ታገኚዋለሽ። ዛሬ ማታ ለልጅሽ አንብቢለት። አያቱም አጠገቡ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ከዚያ ሕመሙን በሚገባው ቋንቋ ንገሪው። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። የእርሱ ሰውነት ያን ሲያገኝ ጠላት የመጣ መስሎት የገዛ አንጀቱን ይወጋል። አንጀቱ ሲቆስል የበላው ምግብ ሰውነቱ ላይ አይውልም። ስለዚህ ይከሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቅጣት የሚባል ነገር የለበትም።

አሁን ወደ ቅቤው። በጾም የምንተወው ጥሉላትን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል። ለውዝ ከምድር የሚወጣ ነው። እንደ ሰሊጥ፣ እንደ ኑግ፣ እንደ ተልባና እንደ ሱፍ ያለ ነገር ነው። ተፈጭቶ ዘይቱ ሲወጣና ሲላቁጥ ቅቤ መሰለ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። «የእንጀራ እናት» ስንል በመሶብ የምትቀርብ እናት ማለታችን አይደለም። ይህም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ለአማትሽ ሲባል ስሙን «የተላቆጠ ለውዝ» ብትይው ጠቡ ግማሽ ይቀንሳል። ቤት የፈጨሽው ከሆነ ምንም ጥያቄ የለበትም። የታሸገ ከገዛሽ ግን ጽሑፉን አንብቢ። ቸኮሌት የተቀላቀለበት ዓይነት የወተት ዱቄት ሊኖረው ይችላል። ያን ጊዜ አማትሽ ልክ ናቸው።

መቼም መምህር ሆኜ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ለውዝ» የሚለውን ስታነቢ ይህ የምንቆላው ኦቾሎኒ አይምሰልሽ። ኦቾሎኒ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ በሙሴ ዘመን በዚህ በኩል አይታወቅም ነበር። ያዕቆብ ለግብፁ ሹም ከላከው ስጦታ መካከል ያለው፣ የአሮንም በትር ያፈራችው፣ በዛፍ ላይ የሚበቅለው ሌላው ለውዝ ነው። በትረ አሮን ደግሞ ሳትተከል፣ ውኃም ሳትጠጣ ያፈራች ናትና የእመቤታችን ምሳሌ አድርገን እናመሰግንባታለን። ይህን ለአማትሽ ንገሪያቸው፤ ለውዝን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ልጅሽ ሐኪሙ ካልከለከለው ይጹም። ከ7 ዓመት ጀምሮ ልጆችን በአቅማቸው ማለማመድ የቆየ ልማድ ነው። ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር ሕመምተኛን ከጤነኛ ለይቶ ያያል። ስለዚህ እየከሳ ከሄደ የንስሐ አባትሽ ሰዓቱን ሊያሳጥሩለት፣ ከነጭራሹም ሊያሳርፉት ይችላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ያለው ሃይማኖት አንሶት አይደለም።

ከዚህ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ስለ መሶቡ ነው። እኛ አንድ መሶብ ከብበን፣ በአንድ ትሪ የምንጎርስ ሰዎች ነን። ይህን ልጅ ለማሳመም ግን የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል። አባቱ ዳቦ ቆርሶ በዚያው እጁ ወጡን ሲጠቅስ ልጁ ስንዴ በላ ማለት ነው። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ልጁን በሳሕን ለይቶ ማብላት ነው። ሌላው ቤቱ በሙሉ ስንዴውን ከመሶቡ ማንሣት ነው። ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጳውሎስ መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ አልበላም ብሏል። የእናንተ ደግሞ ከዚያ ይቀላል፤ ዳቦ ነው። ልጁ ብቻውን ጥግ ይዞ እየበላ ሌሎቹ ከብበው ሲጎራረሱ የማይበት ቤት የ55 ቀኑን ጾም አንድ ቀን ሳያጎድል ቢጾም እንኳ ቅር ይለኛል።

ስለ ማኅበሩ ዳቦ፦ በረከቱ የሚመጣው ከጸሎቱ ነው፤ ከእህሉ ዓይነት አይደለም። በተራሽ ቀን ከደፎው ጎን የጤፍና የበቆሎ ቂጣ፣ የሽምብራ ንፍሮም አቅርቢ። ካህኑ የቀረበውን ሁሉ ይባርካሉ። ለልጁ ከዚያ ይድረሰው፤ ቢላዋው ግን ስንዴ ያልነካው ይሁን። በሰው ቤት ሲሆን የልጁን ቂጣ በመሐረብ ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂ፤ አብሮ ይባረክለት። ጠላም ብቅሉ ገብስ ነውና «ቅመሰው» ቢሉት እንኳ እንዳይቀምስ። «እምነት ካለሽ አይጎዳውም» የሚልሽም አይጠፋም። ሰይጣን ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው ጌታ ምን እንደመለሰለት አስታውሺው፤ አምላክህን አትፈታተነው ነው ያለው። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም ባቄላና ስንዴ ነው። በስንዴው ፋንታ ሽምብራ አድርጊበት። እስራኤል ከግብፅ በችኮላ መውጣታቸውን ለማሰብ ይበቃል።

ቅዱስ ቁርባንን ሆን ብዬ ለብቻው አቆየሁት። ኅብስቱ ከንጹሕ ስንዴ ነው የሚዘጋጀው። በጤፍ አይተካም፤ እኔም አንቺም የምንለውጠው ሥርዓት አይደለም። ኅብስቱም ተለውጦ አማናዊ የጌታ ሥጋ እንደሚሆን እናምናለን። ልጁን ግን በራስሽ ውሳኔ ከቁርባን አታስቀሪው፤ በራስሽ ውሳኔም ሐኪሙን ንቀሽ አታቅርቢው። የሐኪሙን ወረቀት ይዘሽ የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ትንሽ እንኳ እንደሚጎዳው አስረጃቸው። እንዴት እንደሚቀበል የሚወስኑት እርሳቸውና የደብሩ አባቶች ናቸው። ይህ በጽሑፍ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከፈለግሽ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትመጪ አብረን እንሄዳለን።

ስለ ምግቡ እኔ ምጣድ አላውቅም። ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ ደብተር ሙሉ አስጻፈችኝ። ዋና ዋናውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ። ጤፍሽ ንጹሕ ቢሆንም ከአንቺ በፊት ስንዴ ወይም ገብስ ከተፈጨ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከአንቺው ጋር ይወርዳል። ጠዋት ስንዴ ሳይገባ ቀድመሽ ድረሺ። ወፍጮውን አስጠርጊ። መጀመሪያ የሚወርደውን ዱቄት ለልጁ አታድርጊው፤ ለሌላ ሰው ስጪው። ጤፍ፣ ማሽላና ሽሮ በአንድ ቀን ብታስፈጪ ይቀላል። ማሽላ ደግሞ ከቃሉ ወረዳ ቆላ ለእናንተ ቅርብ ነው፤ እንጀራውም ቂጣውም ለልጁ ይስማማዋል። አጃ የሚባለው አንዳንዱ የስንዴ ወገን ነውና ተዪው። ከገበያ የሚገዛ እንጀራም ቅይጥ ይሆናል። እርሾውን እንኳ ከሰው አትበደሪ፤ የራስሽን አስቀምጪ።

ለውዙን ጥሬውን ግዢና ቤት ቁዪው። ቆሎ የሚቆላበት ምጣድ ገብስና ስንዴ ሲቆላበት የዋለ ነው። የሻገተውን፣ የጠቆረውንና የመረረውን ለቅመሽ ጣዪ። መቁላት የሻጋታውን መርዝ አያጠፋውም። ታናናሾች ካሉት ፍሬውን እንዳለ አትስጪያቸው፤ ያንቃል። ለውዝ ራሱ የማይስማማው ልጅ እንዳለም አትርሺ። ለጎረቤት ልጅ ከመስጠትሽ በፊት እናቱን ጠይቂ።

የባለቤቴ ቂጣ እንዲህ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈሽ እስኪዝለገለግ ጠብቂ። 3 ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተቆልቶ የተፈጨ ለውዝና ጨው ቀላቅለሽ ከተልባው ጋር በውኃ ለውሺው። ጤፍ እንደ ስንዴ አይያያዝም፤ ተልባው ነው የሚይዘው። በስሱ ጠፍጥፈሽ አክንባሎ ደፍተሽ በዝግታ አብስይ። ለሽሮ ደግሞ ለውዙን ሊወርድ ሲል ጨምሪው። ቀድሞ ከገባ ከታች ይይዝብሻል። በበሶው ፋንታ ተቆልቶ የተፈጨ ሽምብራና ለውዝ በዘይትና በትንሽ ስኳር አሽተሽ ለትምህርት ቤት ቋጥሪለት። ጠዋት የለውዝ ሻይ፣ ማታ የሱፍ ፍትፍት በጤፍ እንጀራ። ለቡና ቁርስ ፈንዲሻ። የእኔ ድርሻ መቅመስ ነበር። የበሶው ምትክ አሸንፏል።

ቡሄ ሲደርስ፣ ነሐሴ 13፣ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ጅራፍ ይዞ መውጣቱ አይቀርም። ሙልሙሉን ዘንድሮ ከጤፍና ከበቆሎ ዱቄት ጋግሪ። ለሚጨፍሩት ልጆች ሁሉ ከዚያው ስጪ፤ የልጅሽ ብቻ የተለየ እንዳይሆን። ከሌላ ቤት የሚሰጠውን ግን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ለጓደኞቹ እንዲሰጥ ከአሁኑ ተነጋገሪው። ሲመለስ እጁን ይታጠብ።