ሳሎን ውስጥ የሠራ ሪሲቨር

ልጆቼ፣

በቀረጻ ዋዜማ ዕቃ ስታሰናዱ አይቻለሁ። የካሜራውን ምስል ያለ ገመድ የሚልከው ትራንስሚተር ጠረጴዛ ላይ፣ ምስሉን ተቀብሎ ለሞኒተር የሚሰጠው ሪሲቨር ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ ምስሉ ሞኒተሩ ላይ ብቅ ሲል «ይሠራል» ብላችሁ ሻንጣውን ትዘጋላችሁ። 3 ሜትር ርቀት ላይማ አንቴናው በወጉ ያልተሰካ ሪሲቨርም ምስል ሊያሳይ ይችላል።

ይህን የተማርኩት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። እንጦጦን ተሻግረን የደረስነው ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ የታሰበውም ጤዛው ሳይረግፍ ፈረሰኛው እየጋለበ እንዲመጣ ነው። ካሜራው 100 ሜትር ያህል ራቅ እንዳለ የዳይሬክተሩ ሞኒተር ጠቆረ። ቻናል ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ ባትሪ ለወጥኩ። በመጨረሻ የሪሲቨሩን አንቴናዎች በጣቴ ብነካቸው ሁለቱም ዞሩ። ማታ ሳላጠብቃቸው ነበር ሻንጣ ያስገባኋቸው፤ የቀረውን መንገዱ ጨረሰው። ሳጠብቃቸው ምስሉ መጣ፤ ጤዛው ግን ሄዷል። ዳይሬክተሩ «ሻይ ጠጣ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እጃችሁ መጀመሪያ አንቴናው ላይ ይረፍ። እያንዳንዱን በጣት አጥብቁ፤ በፒንሳ ግን አይሁን፣ ጥርሱን ትበሉታላችሁ። ትራንስሚተሩን ያለ አንቴና በፍጹም አታብሩት፤ መውጫ ያጣው ኃይል ተመልሶ የራሱን ማጉያ ሊያቃጥለው ይችላል። እንደ ዱላ ያለው አንቴና ሞገዱን በጎኑ ይረጫል፤ በጫፉ በኩል ደካማ ነው። ወደ ካሜራው እንደ ጠመንጃ የሚያነጣጥሩት ልጆች አሉ፤ ምነው ብዬ ዝም እላለሁ። የላኪውም የተቀባዩም ቀጥ ብለው ይቁሙ።

አብዛኞቹ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሠሩት በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። የሞገዱ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ውሃ ያዘለ ነገር ሁሉ ያዳክመዋል፦ የሰው ገላ፣ ዝናብ የመታው የባሕር ዛፍ ቅጠል። ለገጣፎ ዳር ባለ የቆርቆሮ አጥር መካከል ደግሞ እየነጠረ ራሱን ይረብሻል። ሪሲቨሩን ከሰው ራስ በላይ በስታንድ ስቀሉት።

ሙከራውን ከቤት አውጡት። ጓደኛችሁ ካሜራውን ይዞ በሰፈሩ መንገድ ይራቅ፤ ጀርባውን ይስጣችሁ፣ ከአጥር ኋላ ይግባ። ምስሉ በስንተኛው እርምጃ እንደተቆራረጠ ጻፉት። ካርቶኑ ላይ የታተመው ርቀት ጋሬጣ ለሌለበት ሜዳ የተነገረ ነው።

ስለ ባትሪ ብዙ አልልም። መብራት ሊሄድ ይችላልና ከሁለት ቀን በፊት ሙሉት፤ ሙከራውንም በግድግዳ ሶኬት ሳይሆን ለቀረጻው በምትይዙት ባትሪ አድርጉ። የኬብሉን ጫፍ እያወዛወዛችሁ ምስሉን ተመልከቱ። ካሜራው ላይ ነገ የምትቀርጹበትን በሰከንድ የሚያነሣውን የፍሬም ቁጥር አስገቡ፤ በ25 ያሳየ ሞኒተር በ50 ሊጠቁር ይችላል። ቀረጻው ላይ ስልኩን የዋይፋይ ማከፋፈያ ያደረገ ካለ፣ ከእኛው ሞገድ ጋር ሊጋጭ ይችላልና ያጥፋ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮዲዩሰሩ ነው፤ በትሕትና ንገሩት።

ረጅም ኬብልም አይቅር። በቅርቡ አንድ ረዳቴ «ጋሼ፣ ገመድ አልባ እያለን ይህ ሸክም ምን ያደርግልናል?» ብሎ የ50 ሜትሩን ጥቅል ቤት ትቶት ሊወጣ ነበር። የተነሣውን መኪና አስቁሜ አስጫንኩት።