የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጎ ፈቃደኛዋን እንዴት እንሸኛት?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የምንሠራ ነን። ከአውሮፓ መጥታ ያለ ደመወዝ ስታገለግል የቆየች ፊዚዮቴራፒስት በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ወደ አገሯ ትመለሳለች። እግራቸው ቆልማማ ሆኖ የተወለዱ ሕፃናትን በጀሶ የምታክመው እሷ ናት። ድግስ ደግሰን ቅቤ፣ ቋንጣ፣ ጋቢና አንድ የቆየ የብር መስቀል ልንሰጣት አዋጥተናል። የቀረን ነገር አለ?
የሽኝት ኮሚቴው፣ ደሴ

መልስ፦ ማዋጣታችሁ ደግ ነው፤ ድግሱን ግን መጨረሻ ላይ አስቡት። ለዚህች እህት ከሁሉ የሚበልጠው ክብር እሷ ስትሄድ ጀሶ ቤቱ አለመዘጋቱ ነውና ከርክክቡ ጀምሩ።

የፖንሴቲ ሕክምና፣ ማለትም ቆልማማ እግርን በተከታታይ ጀሶ ቀስ በቀስ የማቅናት ዘዴ፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ አብዛኛው ሕፃን ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይበቃዋል። ከዚያ ብዙዎቹ ላይ የተረከዝ ጅማት ይቆረጥና የመጨረሻው ጀሶ 3 ሳምንት ይቆያል። እንግዲህ ዛሬ የሚጀምር ሕፃን እሷ እያለች ላይጨርስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ የሚመጣውን ከመጀመሪያው ጀሶ ጀምሮ ተረካቢው፣ ሥራዋን የሚቀጥለው ባለሙያ፣ ይያዘው፤ እሷ አጠገቡ ትቁም። ብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ እሷ እስከ መጨረሻው ቀን ትሠራለች፣ ተረካቢው ያያል። በማየት እጅ አይለምድም።

ጀማሪ የሚስተው በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የእጁን አውራ ጣት የሚያሳርፍበት ነው። መደገፍ ያለበት ከውጭኛው ቁርጭምጭሚት ፊት የሚዳሰሰውን የታለስ (ከተረከዝ በላይ ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት) ራስ ነው፤ ወደ ተረከዙ ከተጠጋ ተረከዙ አይዞርም። ሁለተኛው ጀሶውን ከጉልበት በታች ማስቀረት ነው። ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ ጀሶው እስከ ጭን ካልደረሰ ይንሸራተታል። የእግር ጣቶቹ ወደ ጀሶው ውስጥ ከገቡ ተንሸራቷል፤ ሳምንቱ እስኪሞላ ሳይጠበቅ ይፈታ።

ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ወረቀት ይዘጋጅ፤ ስንተኛ ጀሶ ላይ እንዳለ፣ የእግሩን መቆልመም መጠን የሚለካው ከ0 እስከ 6 የሚሰጠው የፒራኒ ነጥብ፣ ጅማቱ የተቆረጠበት ቀን፣ የወላጅና የአንድ ጎረቤት ስልክ ይጻፍበት። እናቶቹም መሄዷን ከሰው አፍ እንዳይሰሙ። ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ ልጅ አዝላ የምትመጣ እናት «ፈረንጇ ሄደች» ከተባለች ትቀራለች። ራሷ ትንገራቸው፤ ተረካቢውንም በስሙ ታስተዋውቃቸው።

ድግሱ የጀሶ ቀን አይሁን። ሥጋ ካሰባችሁ፣ የወሎን ነገር ታውቁታላችሁ፣ የክርስቲያኑና የእስላሙ ከእርዱ ጀምሮ እስከ ድስቱና ጭልፋው ለየብቻ ነው። ገንዘቡ ካጠረ የጾም ወጥ አድርጉት፤ ሁሉም ከአንድ ገበታ ይቆርሳል። ሼኩም ቄሱም ይመርቁ፤ የሚያስተረጉምላት ሰው ከጎኗ ይቀመጥ።

ቅቤውንና ቋንጣውን ተዉት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅዱም። የቆየው መስቀል ደግሞ የባሰ ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ያስጠይቃል፣ ቦሌ ላይ የምትጠየቀውም እሷ ናት። አዲስ የተሠራ ግዙና ደረሰኙን አብራችሁ ስጧት። ጋቢው መልካም ነው፤ ግን ቦታ ስለሚይዝ ሻንጣ ሳትዘጋ፣ ከሳምንት በፊት ይድረሳት።

የቀረባችሁ ደብዳቤ ነው። በክሊኒኩ ማኅተም፣ በእንግሊዝኛ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ምን እንዳከመችና ማንን እንዳሠለጠነች ይጻፍ። አገሯ ገብታ ሥራ ስትጠይቅ የሚያስፈልጋት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ እግር ተስተካክሎ ብሬስ (በዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ) ካደረገ ሁለት ወሩ ነው። ያከመችው ባለሙያ ልትሄድ ነው። ብሬሱን ብናቆምስ?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እባክዎ አያቁሙ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ 4 ዓመት እስኪሞላው ሌሊትና ቀን ሲተኛ ያደርገዋል። እግር ተመልሶ የሚቆለመመው አብዛኛውን ጊዜ ብሬስ ስለሚተው ነው። ሲያስሩለት ተረከዙ ጫማው ውስጥ ወርዶ መቀመጡን ይዩ፤ ካልሲው አይጨማደድ። ቆዳው ከቀላ ቅባት አይቀቡት፣ ይብስበታል። ከቆሰለ ወይም ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ ካለፉ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘውት ይምጡ፤ የጫማው ቁጥር ይቀየርለታል።